ሙዘይን ዝም የሚልበት ቦታ

አካሉ ያን ዕለት ሳክስፎኑን ለምን ነፋ? ለፍቅር ብሎ ነው፣ ከንቀት ነው፣ ወይስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ሲያየው መቻል አቅቶት ነው? ዘሙሩድ ይህንኑ ጠይቃዋለች። እሱም ራሱን ጠይቋል። መልሱን አላገኘውም፤ እኛም ገና አላገኘነውም። ነገሩን ከሥሩ ብናወራው ምናልባት አንባቢ ይደርስበት ይሆናል።

ሙዘይን የሾላ ልጅ ነበር፣ ሳክስፎን ነፊ። አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል፣ ከፈነዳም በኋላ ለጥቂት ጊዜ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ ወርቄ ቡና ቤት ግቢ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፤ ወጣቱ ይደንሳል። «ይሄ እኮ ጃዝ ነው» ሲሉት፣ «እኔ ስሙን አላውቅም፤ ደስ ካላችሁ ደንሱ» ይላል። የሁልጊዜ ማሳረጊያው ራሱ የደረሳት «ላምበረት» የምትባል ዜማ ነበረች። ላምበረትን ሲጀምር ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ዜማዋ መሀል ላይ ስትደርስ ከሰፈሩ መስጊድ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ያኔ ሙዘይን ሳክስፎኑን ከአፉ ያወርዳል። ድራሙም ጊታሩም ዝም ይላሉ። ደናሾቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ባሉበት ይቆማሉ። አዛኑ ሲያበቃ ካቆመባት ላይ ይቀጥላል። ለእናቱ ቃል ገብቶ ነው። «ንፋ፤ መቼም አትሰማኝም። በአዛን ላይ ግን እንዳትነፋ» ብለውታል። ክርስቲያኑም እስላሙም ለመደው። በሾላና በላምበረት ብዙ ትዳር የተወሰነው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው ይባላል።

ሙዘይን በ1969 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ሞተ። ሲኖር «አዝማሪ» ይለው የነበረው ሰፈር፣ ቡና ቤቱን «የአድኃሪያን ጭፈራ ቤት» ብለው ያሸጉት ሹማምንት፣ ከሞተ በኋላ በአንድ አፍ «የሰፊው ሕዝብ ልጅ» አሉት። በየዓመቱም በቀበሌው አዳራሽ የመታሰቢያ ኮንሰርት ይደረግለት ጀመር። ሟችን ማክበር ቀላል ነው፤ ሟች ወንበር አይሻማም።

አካሉ ወደ አገሩ የተመለሰው ሁለተኛው ኮንሰርት ሊደረግ ሲል ነው። የኮተቤ ባላባት ልጅ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ፕራግ ድረስ ተልኮ ሙዚቃ ተማረ። ሲመለስ የአባቱ መሬት የሕዝብ፣ ትርፍ ቤታቸው የቀበሌ ሆኖ ጠበቀው። መሬቱ አላሳዘነውም። ያሳዘነው የሚያወራው ሰው ማጣቱ ነው። ኮተቤ ውስጥ መምህራን ለሚሆኑ ወጣቶች ሙዚቃ ያስተምራል፤ በየሳምንቱ «ልሄድ ነው» ይላል፤ አይሄድም። ፕራግ ሳለ የሰዉን ቅዝቃዜ ይንቅ ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ግርግሩን ናቀ።

በዚያ ሁለተኛ ኮንሰርት ላይ የቀበሌው ኪነት ጥሩምባ ነፊ የሙዘይንን ዜማ የሰልፍ ማርሽ ሲያደርገው አካሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቀ። ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ዞር ብላ አየችው። አልተቆጣችም። ገበያ ላይ ዕቃ አንሥቶ፣ ጉድለቱን አይቶ፣ መልሶ እንደሚያስቀምጥ ሰው አየችውና ፊቷን መለሰች።

«የሟቹ እኅት ናት» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው።

አካሉ ሳቁን የሚያደርግበት ቦታ አጣ።

በማግሥቱ የሙዘይን እናትና እኅቱ ዘሙሩድ ወደሚነግዱበት የሾላ ገበያ ጨርቅ መሸጫ ሄደ።

«ምን ልስጥህ?» አለችው ዘሙሩድ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።»

«እሱን አንሸጥም። አቡጀዲ አለ።»

የማያስፈልገውን አቡጀዲ ገዝቶ ወጣ። በሳምንቱም ሄደ፤ በሌላውም ሳምንት። እናቱ ወይዘሮ አስካለች የጨርቁ ክምር ቁምሳጥን አላዘጋ ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ለማን መገነዣ ነው የምታጠራቅመው?» አሉት። አካሉ መውደዱ የገባው ያኔ ነው፤ ሲገባውም ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ በለጠ።

*

ዓመቱ በእንጦጦ ዛፎች መሀል አለፈ። ከሰው ዓይን የሚሸሹበት ቦታ ከማርያም ዝቅ ብሎ ያለው ባሕር ዛፍ ነበር። የሙዘይንን ሳክስፎን የሰጠችው እዚያ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሰብሪያ ሳያውቁ አይደለም፤ «ዕቃ ከሚዝግ ይነፋ» ብለው ከአልጋቸው ሥር አውጥተው የሰጧት እሳቸው ናቸው። ለማን እንደምትሰጠው አልጠየቋትም። አለመጠየቃቸውን ዘሙሩድ እንደ ግማሽ ፈቃድ ቆጠረችው።

ሦስተኛው ኮንሰርት ሳምንት ሲቀረው እዚያው ተቀመጡ። ዘንድሮ ላምበረትን የሚነፋው አካሉ እንዲሆን የኪነቱ ኮሚቴ ወስኗል።

«ዘንድሮ እማዬ ትመጣለች» አለችው።

«የት?»

«ኮንሰርቱ ላይ ነዋ።»

አካሉ ደነገጠ። «እሳቸው ሙዘይን ሲጫወት አንድ ቀን መጥተው አያውቁም አላልሽኝም?»

«መጥታ አታውቅም። መቆሙን ግን ትሰማ ነበር። ከወርቄ ግቢ ድምፁ እኛ ቤት ይደርሳል። መግሪብ ሲደርስ ከመስገጃዋ ላይ ሆና ታደምጣለች። ሳክስፎኑ ቀጥ ሲል፣ ‹ልጄ አልረሳኝም› ትላለች። ከዚያ ነው የምትሰግደው።» ዘሙሩድ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣቶቿ ትጠቀልላለች። «ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ያ የባላባት ልጅ እንደ ሙዘይን ማቆም ካወቀበት ሽማግሌ ይላክ። አልመልሳቸውም።›»

«ማቆም?» አካሉ ሳቀ። «ያን ሁሉ ዓመት መንፋት ተምሬ የምፈተነው በማቆም ነው?»

«አትሳቅ።»

«አልሳቅሁም።»

«አካሉ፣ ሰው ስትንቅ ከንፈርህ ወደ ግራ ይሄዳል። እማዬ ፊት እንዳይሄድብህ።»

«የእኔዋንስ እናት ምን እናድርጋት? ‹የጨርቅ ነጋዴ፣ ያውም እስላም› እያለች ሌሊቱን አትተኛም። ራጉኤል ከአንቺ ከመለሰኝ ለቤተ ክርስቲያኑ ስጦታ ልታስገባ ተስላለች።»

«ምን ተሳለች?»

«ጥላ።»

«ጥሩ ነው። ጨርቁን ከእኛ ትግዛ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እጇ እጁ ውስጥ ነበር፤ አካሉም ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ አገር መሆን አልፈለገም።

*

የመጨረሻው ልምምድ ላይ ጓድ ገበየሁ ኮፍያውን እንደደፋ ገባ። ገበየሁ የከፍተኛው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የሰፈሩን ሰው በሙሉ በስም ያውቃል፤ ይህም ለሰፈሩ ሰው ሰላም የሚሰጥ እውቀት አልነበረም። የወርቄን ቡና ቤት በር በገዛ እጁ ያሸገው እሱ ነው።

«ጓድ አካሉ፣ ያቺ መሀል ላይ ያለችው ባዶ ቦታ አለች አይደል?»

«ዝምታዋ?»

«እሷን ለእኔ ተዋት።»

«ምን ሊያደርጉባት ነው?»

«እኔ አውቃለሁ። እነሣለሁ» አለና ወጣ።

አካሉ ወደ ገረሱ ዞረ። ገረሱ ከሙዘይን ጋር ከጥንት ጀምሮ ድራም ሲመታ የኖረ፣ አካሉን «ፈረንጁ» እያለ የሚጠራ ሰው ነው።

«መፈክር ሊያሰማባት ነው» አለ አካሉ። «‹ይውደም፣ ይለምልም› ሊልባት።»

«ሊል ይችላል።»

«ዝም ብለን ልናየው?»

«ወርቄ ግቢ ዝናብ ይዘንብብን ነበር። ውሻ ይጮህብን ነበር። ሰካራም ይሳደብ ነበር። እኛ እናቆማለን፤ ሌላው የፈለገውን ይሁን። አንተም አቁም፣ ፈረንጁ። ሌላ ምንም አታድርግ።»

አካሉ ራሱን ነቀነቀ። ከንፈሩ ግን ወደ ግራ ሄዷል። ገበየሁን መናቅ ደስ ይለው ነበር፤ በዚህች ከተማ ውስጥ ያለ ሰልፍና ያለ ኩፖን የሚገኝ ብቸኛ ደስታ መስሎ ታየው።

*

የኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የሙዘይን ፎቶ ከሦስቱ ጺማሞች ጎን በቀይ ጨርቅ ተከቦ ተሰቅሏል፤ የመሠረተ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳዎች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ጓድ ገበየሁ ንግግር አደረገ። ሙዘይን ሳክስፎኑን በኢምፔሪያሊዝም ላይ አነጣጥሮ እንደነፋ ተናገረ። የኪነቱ ልጆች ስለ ትራክተር ጨፈሩ። አንድ ገጣሚ ተነሥቶ የሟቹን ስም የሚገጥም ቃል ፈልጎ ቢያጣ «ወዛደር ሆይ» ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበለት። ሲኖር ሻይ ያልጋበዙት ሁሉ ተራ በተራ «ወዳጄ ነበር» አሉ። አካሉ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ እያንዳንዳቸውን በልቡ ቀጣ።

ወይዘሮ ሰብሪያ መሀል ላይ መጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ፊት የተያዘላቸውን ወንበር ትተው ከተከፈተው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ዘሙሩድ ከጎናቸው ሆና ወደ መድረኩ አየች፤ ዓይኗ ካካሉ ዓይን ጋር ተገናኘ። ፈገግ አላለችም። ቅንድቧን ብቻ ከፍ አደረገች፣ «አደራ» እንደሚል ሰው።

ንግግሩ ተንዛዝቶ ላምበረት የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው።

አካሉ ነፋ። መቼም የሚያውቀውን መካድ አይቻልም፤ አሳምሮ ነፋ። መጀመሪያ ሳል ጠፋ፣ ቀጥሎ የወንበር ሲጥታ ጠፋ። ያን የላምበረትን መንገድ፣ ከገበያ የሚመለሱትን ሴቶች፣ የእሑድን ፀሐይ ሰው ሁሉ አየ። ወይዘሮ ሰብሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ ቀረ። አካሉ ይህን አይቶ ልቡ ሞላ። ዜማዋም መሀል ላይ ደረሰች።

ገረሱ እጁን ከድራሙ ላይ አነሣ። ጊታሩ ቆመ።

ያኔ ገበየሁ ከፊት ወንበር ተነሣ።

አካሉ የሰውየውን አፍ ብቻ ነው ያየው። ያ አፍ ሲከፈት፣ የሙዘይን ቦታ በመፈክር ሲሞላ፣ እኚያ ሴት ከመስኮቱ ሥር ሲሸማቀቁ ታየው። ምናልባት የታየው ሌላም ነገር ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ወደ እሱ ይመለከት ነበር። ሳክስፎኑን አላወረደም። ነፋ።

ቦታዋን ሞላት። ፕራግ የተማረውን፣ ለማንም ያላሳየውን ሁሉ አወጣው። ድምፁ ወደ ላይ ወጣ፣ ተጠማዘዘ፣ ተንከባለለ፣ እንደገና ወጣ። ብቻውን ነፋ፤ ድራሙ ቢጠፋም አልፈለገው። ለሙዘይን እየነፋሁ ነው ብሎ አሰበ። ለዘሙሩድ እየነፋሁ ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ የነፋ ሰው በዚህች አገር የለም ብሎም አሰበ።

ሲያበቃ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወጣቶቹ አፏጩ። ገበየሁ ከቆመበት ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ገረሱ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ጭብጨባው እየሳሳ ሲሄድ በተከፈተው መስኮት የአዛኑ መጨረሻ ገባ። አንዲት ስንኝ ብቻ ቀርታው ነበር። ሌላው በሙሉ ከሳክስፎኑ ሥር አልፏል።

ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። አካሉ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ የሚያጨበጭብለት ሰው ሁሉ በድንገት አስጠላው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ ላብ።

*

በማግሥቱ ጠዋት ሳክስፎኑን ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ። ወይዘሮ ሰብሪያ ብድግ ብለው ተቀበሉት።

«ግባ ልጄ። ቁጭ በል።»

«እማማ፣ ትናንት…»

«ጎበዝ ነህ። ትንፋሽህን አላህ ይባርክልህ።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለው ነበር። ሳክስፎኑን ከእጁ ተቀብለው በሻሽ ጠቀለሉት። «የራስህን ብትገዛ መልካም ነው፤ ይሄ የሰው ነው።» ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ዘሙሩድ ተከትላው ወጣች። ከሱቁ ራቅ ብለው ግንብ ሥር ቆሙ።

«ገበየሁ ሊፈክርባት ነበር» አላት። «ላድናት ብዬ ነው።»

«ማንን?»

«ዝምታዋን።»

«በጩኸት?»

አካሉ ግንቡን ተደገፈ።

«ገበየሁ ኮፍያውን አውልቆ ነበር የተነሣው» አለች። «ደረቱ ላይ ይዞት። ኮፍያውን አውልቆ የሚፈክር ካድሬ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁትም።»

«እሱ እኮ ወርቄ ግቢ የማይቀር ደናሽ ነበር። ሚስቱን ያገኘው እዚያ ነው። አዛን ሲሆን ከእሷ ጋር ቆሞ ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው።»

«ቤቱንም ያሸገው እሱ ነው።»

«አዎ። እኔም አልወደውም። ትናንት ግን ሊቆም ነው የመጣው። ምን ሊያደርጉ ነው ብለህ መጠየቅ ነበረብህ።»

«ጠየቅሁት። ‹እነሣለሁ› አለኝ።»

«ተነሣ። ሌላውን አንተ ጨመርህበት። የናቁት ሰው ሲናገር አይሰማማ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እሺ፣ ይፈክር። ቢፈክርስ? የእሱ ጩኸት የእሱ ነው። እማዬ የመጣችው ያንተን መቆም ልትሰማ ነው። ልጇ ከሞተ ወዲህ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። አንተ ታውቅ ነበር። ሳያውቅ ያጠፋ ቢሆን ይማራል። አንተ እያወቅህ በአዛን ላይ ነፋህ።»

«አልሰማሁትም። እምልልሻለሁ፣ አዛኑን አልሰማሁትም።»

«አምንሃለሁ። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

መንገዱ ላይ ማገዶ የተጫኑ አህዮች አለፉ። ሁለቱም እስኪያልፉ ጠበቁ፣ አህዮቹ አንድ ነገር ሊያስተካክሉላቸው የሚችሉ ይመስል።

«ሽማግሌ ልላክ» አላት። «እግራቸው ላይ ልውደቅ። እወድሻለሁ፣ ዘሙሩድ። በዚህ ከተማ ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም።»

«አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። አንተ እኔን የወደድኸኝ ከሰው ሁሉ ለይተህ ነው፤ ገበየሁን ንቀህ፣ ኪነቱን ንቀህ፣ የአባትህን ቤት፣ እናትህን፣ ሰፈሩን ንቀህ፣ ‹ይቺ ግን አትናቅም› ብለህ። ዕድሜ ልክ የማልናቅ ሆኜ መኖር ይከብደኛል፣ አካሉ። አንድ ቀን ወጥ ሳቀጥን፣ አንድ ቀን ያላዋቂ ነገር ስናገር፣ ያቺ ከንፈርህ ወደ ግራ ትሄዳለች። የዚያን ቀን ማን ከጎኔ አለ? እናቴን አስቀይሜ የመጣሁ እሆናለሁ።»

«አላደርገውም።»

«ትናንትም አደራ ብዬህ ነበር።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ፣ እግዜር ይይላት፣ ኮሌታውን አስተካከለችለት። ያቺ እጅ አንገቱ ላይ የቆየችው ለአፍታ ነው። አካሉ ሊይዛት ሲል የለችም።

*

ሰነባብቶ ለአካሉ የምስክር ወረቀት መጣለት። ጓድ ገበየሁ ራሱ ሰጠው፤ ዓይኑን ሳያየው። ኮሚቴውም ውሳኔ አሳለፈ፤ አካሉ ቦታዋን የሞላበት ጭማሪ «የዜማው አካል» እንዲሆን፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በየኮንሰርቱ እንዲነፋ። ወይዘሮ ሰብሪያ ሱቁን ለሰው አስተላልፈው፣ ልጃቸውን ይዘው ደሴ ዘመዶቻቸው ዘንድ ገቡ። ወይዘሮ አስካለች ጥላውን ለራጉኤል አስገቡ። ጥላው ሲዘረጋ አካሉ አልሄደም።

በአራተኛው ኮንሰርት አልነፋም አለ። የሚለምነው አልነበረም። ያ የኪነት ጥሩምባ ነፊ የአካሉን ጭማሪ ከቴፕ አጥንቶት ኖሮ፣ ከነስሕተቱ፣ ማርሽ አድርጎ ነፋው። ገረሱ የለም፤ ድራሙን ሌላ ሰው ይመታል። ገበየሁ ከፊት ወንበር ኮፍያውን እንደደፋ ተቀምጦ ሰዓቱን አየ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አካሉ ከኋላ ቆሞ የገዛ ራሱን ጭማሪ በጥሩምባ ሲሰማው መሳቅ አማረው፤ አልመጣለትም።

የዚያን ሳምንት ለዘሙሩድ ጻፈ። መጀመሪያ ረጅም ጻፈ፤ ጨረቃ ያለበት፣ እንጦጦ ያለበት፣ «ሕይወቴ» የሚል የበዛበት ደብዳቤ። አነበበውና ውሸት ባይሆንም አሳፈረው። ቀደደውና ሌላ ጻፈ፦

«ዘሙሩድ፣ ዘንድሮ አልነፋሁም። እነሱ ግን እኔ የሞላሁትን ይነፋሉ፤ ማስቀረት አልቻልሁም። ከእንግዲህ ወንድምሽ ሲያቆም የሚሰማበት ቦታ የለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ገበየሁ ላይ አላላክክም። ለእናትሽ ንገሪያቸው። አንቺ ‹ና› ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ‹አትምጣ› ካልሽኝም ይግባኛል። አንዱን በይኝ። አካሉ።»

ደብዳቤውን ለአብዱልሰላም ሰጠው። አብዱልሰላም የዘሙሩድ የአክስት ልጅ ነው፣ በደሴ መሥመር የጭነት መኪና ይነዳል። ሲመለስ አካሉ ኮተቤ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ሰጠሃት?»

«በእጇ።»

«አነበበችው?»

«እኔ ፊት። ከዚያ ምሳ አበላችኝ። ስለ ጣርማ በር ጉም ጠየቀችኝ።»

«ሌላስ?»

«‹ደህና ግባ› አለችኝ።» አብዱልሰላም መሪውን በመዳፉ ጠረገ። «ትጽፍ ይሆናላ፣ ጋሼ። ሥራ ይዟት ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ መኪናው ከደሴ በገባ ቁጥር አካሉ መንገድ ዳር ይወጣ ነበር። አብዱልሰላም ገና ከሩቅ ሲያየው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በመስኮት ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቅለታል። ክረምት ገባ፤ ወጣ። በኋላ በኋላ መነቅነቁንም ተወውና እጁን ብቻ እያነሣ ያልፍ ጀመር። አካሉም እጁን አንሥቶ ሰላም ይለዋል፤ አቧራው እስኪሰክንም እዚያው ይቆያል።